ከብረቱ ጀርባ የቆመው

«ከኋላዬ ምን ትሠራለህ? ከፊት ቁም አልኩህ እኮ!» አለ ዴክላን አግዳሚ ወንበሩ ላይ እንደተጋደመ። «አንተ ቪዲዮው ላይ ከታየህ ምን ዋጋ አለው? ኮል ሲያየው ብቻዬን እንደገፋሁ ማወቅ አለበት።»

ኤሜት ስልኩን ይዞ ከጓደኛው ራስጌ ቆሟል። እግሩ አልንቀሳቀስ ብሎታል። የእነዴክላን ምድር ቤት ይበርዳል፤ ጥግ ላይ የአጋዘን ሥጋ የታጨቀበት ፍሪዘር ያጓራል። አግዳሚውም ብረቱም የዴክላን ታላቅ ወንድም የኮል ነበሩ፤ ማዲሰን ከተማ ኮሌጅ ሊማር ሲሄድ ትቷቸው ነው። ዘንጉ በየጎኑ ትልቁ የክብደት ዲስክ ገብቶበታል። ዴክላን ዲስኮቹ እንዳይንሸራተቱ ብሎ ሁለቱንም ጫፍ በመቆንጠጫ ጥርቅም አድርጓቸዋል። እናትና አባቱ ሥራ ስለሆኑ ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም።

«መቆንጠጫዎቹን አውልቃቸው» አለ ኤሜት። «ብቻውን የሚገፋ ሰው አያጠብቃቸውም። ካቃተህ ወደ አንድ ጎን አዘንብለህ ዲስኩን ትጥለዋለህ። ኮች ሊንድግሬን ትምህርት ቤት ነግራን የለ?»

«ካቃተህ! ካቃተህ! አያቅተኝም ስልህ! በየቀኑ ስገፋው የምታየኝ አንተ አይደለህ እንዴ?»

ችግሩም ይኸው ነበር። ብረቱን በእርግጥ ማን እንደሚያነሳው የሚያውቀው ኤሜት ብቻ ነው።

ትምህርት ቤት የክብደት ማንሳት ክፍለ ጊዜ የጀመሩ ሰሞን ኮች ሊንድግሬን ጥንድ ጥንድ አድርጋ አቁማ «ጀማሪ ናችሁ፤ የምትሠሩትን ራሳችሁ ምረጡ» አለቻቸው። «አንድ የሚገፋ፣ አንድ የሚሳብ፣ አንድ ደግሞ ለእግር። በባዶ ዘንግ ጀምሩ። ለጀማሪ ጥሩ እንቅስቃሴ ማለት ነገም ተመልሳችሁ የምትሠሩት ነው።» ኤሜት ቁጭ ብድግ እና ጎንበስ ብሎ ዘንጉን ወደ ሆድ መሳብ አስቦ ነበር። ዴክላን ግን በቀጥታ ወደ ቤንች፣ ተጋድመው ብረት ወደሚገፉበት አግዳሚ፣ ሮጠ። እግርን ማን ያየዋል? የሚታየው ደረት ነው! የትግል ቡድን ልጆች ቆመው እያዩት ዲስክ ጫነ፣ ተጋደመ፣ ብረቱም ደረቱ ላይ ተቀምጦ አልነሳም አለ። ከልጆቹ አንዱ ሳቅ ሲጀምር ኤሜት ሁለት እጁን ከዘንጉ ስር ሰዶ ሳበው። እየሳበም «አንተ ነህ! ብቻህን ነው የምታነሳው!» ብሎ ጮኸ።

ዴክላን ሲነሳ ፊቱ በርቶ ነበር። ወንድሙ ከሕፃንነቱ ጀምሮ «ስንጥሩ» እያለ በቅጥነቱ ሲያበሽቀው የኖረ ልጅ ነው። ኤሜት ያንን ፊት ማጨለም አልሆነለትም። ከዚያ ወዲህ እሱ ይስባል፣ ዴክላን ያምናል። ምርጫቸውም በዚያው ቀረ፤ ደረት፣ ደረት፣ አሁንም ደረት። «ዛሬ እንኳን ሌላ እንሥራ» ለማለት ምክንያት ያስፈልግ ነበር፤ ምክንያቱን መናገር ደግሞ ውሸቱን ማውጣት ነው። እውነቱን እናውራ ከተባለ ነገሩ ለራሱ ለኤሜትም ተመችቶታል። ከኋላ ቆሞ ብረቱ እንዳይወድቅ የሚጠብቅን ሰው «አንተስ ስንት ትገፋለህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

«ቀረጻውን አትጀምርም?» አለ ዴክላን። እጆቹ ዘንጉን ጨብጠዋል።

ኤሜት እውነቱን ቢናገር ጓደኛውን ያጣል። ባይናገር ያ ሁሉ ብረት ጓደኛው አንገት ላይ ይወርዳል። ስልኩን ፍሪዘሩ ላይ አስቀመጠ።

«ዴክ፣ እኔ ስይዝልህ ነበር።»

«ምኑን?»

«ብረቱን። ትምህርት ቤት የምታነሳው እኔ እየሳብኩልህ ነው።»

ዴክላን ቀስ ብሎ ከዘንጉ ስር ወጥቶ ተቀመጠ። «ነካ አድርገህ ይሆናል። ሁሉም ሰው ነካ ያደርጋል።»

«ነካ አይደለም። ቤት ስገባ ክንዴን እስኪያመኝ ነው። ግማሹን የማነሳው እኔ ነኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

የዴክላን ጆሮዎች ቀሉ። «ቀንተህ ነው! አንተ ራስህ ባዶውን ዘንግ ስትገፋ አይቼህ አላውቅም!» ተመልሶ ተጋደመ። «እሺ፣ እይ! ዞር በልልኝ!»

«አልዞርም።»

«ዞር በል ነው የምልህ!»

ዘንጉን ከማረፊያው አላቀቀው። ክንዶቹ ወዲያው ከዱት፤ ብረቱ ወርዶ ደረቱ ላይ ዘፍ አለ። ስንዝር እንኳ ተመልሶ አልተነሳም። ይልቁንም ወደ አንገቱ መንከባለል ጀመረ። ዴክላን ለመጮህ አፉን ቢከፍትም ድምፅ አልወጣውም።

ኤሜት ዘንጉን በሁለት እጁ አንቆ ያዘና ሳበ። «ግፋ! አብረኸኝ ግፋ!» ጀርባው የሚበጠስ መሰለው። ዘንጉ እየተንገዳገደ ወጣ፣ አንዱ ጫፍ ማረፊያውን ሳተ፣ እንደገና ሳቡት፣ በመጨረሻ ተንኳኩቶ ገባ።

ዴክላን ተነሳ። ደረቱን እያሻሸ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ሂድ ቤትህ» አለ። ደረጃውን እየዘለለ ወጣና በሩን ከላይ ደረገመው።

ኤሜት ጃኬቱን አነሳ። ወደ ጓሮ የሚያስወጣው በር ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። ሰኞ ከሌላ ልጅ ጋር ይጣመራል፣ አሁንም ከኋላ ይቆማል፣ ማንም ምንም አይጠይቀውም። አፈረ። እንዲህ ያለ እፍረት ተሰምቶት አያውቅም። ጃኬቱን ወለሉ ላይ ጣለና መቆንጠጫዎቹን አወለቀ። ከዚያ ዲስኮቹን አንድ በአንድ አወረዳቸው። ድምፁ ላይ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም፤ በሩ ተከፈተ።

«ምን ትነካካለህ? ሂድ አላልኩህም?»

ኤሜት ከባዶው ዘንግ ስር ተጋደመ። «ዴክ፣ ይሄንንም እችለው እንደሆነ አላውቅም» አለ ጣሪያውን እያየ። «ማንም እንዳያየኝ ብዬ ነው ሞክሬው የማላውቀው። የሚጠብቀኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

ብረቱን እንደጨበጠ ጠበቀ። መዳፉ ላይ ይቀዘቅዛል። ደረጃው አንዴ ሲጢጥ አለ፣ ቆይቶ ደግሞ ሲጢጥ አለ። የዴክላን ፊት ተገልብጦ ከላዩ ብቅ አለ። ዓይኖቹ ቀልተዋል፣ እጆቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው።

«ስንት ጊዜ ልትገፋ ነው?» አለ ኮስተር ብሎ።

«እስክችል። ድረስልኝ ሳልል እንዳትይዘው።»

ዴክላን እጆቹን ከኪሱ አወጣ። ኤሜት አየር ሳበና ዘንጉን ከማረፊያው አላቀቀ።