ቀኑ ሳይደርስ የወጣው ገጽ

ሰኞ ጠዋት የኮምፒውተር መደብሩ ሲከፈት የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ባለቤቱ፣ ሻጭ የሆነው ታናሽ ወንድማቸውና የጥገና ሠራተኛዋ። አራተኛው፣ የመደብሩን የኢንተርኔት ገጽ የሚያዘጋጀው ወጣት፣ ወደ ዕቃ ማከማቻው በሚወርደው ደረጃ ግርጌ ሞቶ ተገኘ።

መርማሪዋ ስትደርስ ስልኮቹ ፋታ አልነበራቸውም። እሁድ ንጋት ይፋ ሊሆን የነበረው አዲስ ኮምፒውተር ከነፎቶው ከነዋጋው ቅዳሜ አመሻሽ በመደብሩ ገጽ ላይ ወጥቶ ነበር። ከአንድ ማከማቻ ሾልከው የወጡ ብዥ ያሉ ፎቶዎችን ይዘው ለወራት «ስክሪኑ ይታጠፋል፣ አይታጠፍም» ሲሉ የከረሙት የወሬ ገጾች እንደተነካ ቀፎ ተነሥተዋል። አምራቹ ተቆጥቷል፤ ባለቤቱም ጥፋቱን በሟቹ ላይ ጥለዋል።

የሟቹ እህት በሩ አጠገብ ቆማለች።

«ምስጢር ሸጧል፣ ቀብሩም ላይ አልቆምም ብለዋል» አለች ወደ ባለቤቱ ሳታይ። «ወንድሜ ሌባ ተብሎ አይቀበርም።»

መርማሪዋ ወንበር ሳበችላት።

ሐኪሙ የሞተበትን ሰዓት ቁርጡን አልተናገረም፤ ቅዳሜ አመሻሽም እሁድ ጠዋትም ሊሆን ይችላል። የሟቹ ኮምፒውተር ግን ሲያሳምረው የነበረው ፎቶ መጨረሻ የተነካው እሁድ ረፋድ ነው ይላል። ያን ጊዜ ደግሞ ሦስቱም በባለቤቱ ልጅ ሠርግ ላይ ነበሩ። ስለዚህ ብቻውን ሲሠራ አዳልጦት ወደቀ ተባለ።

መርማሪዋ መቀመጥ አልቻለችም። ደረጃውን ወረደች፣ ወጣች፣ ደግማ ወረደች። ገጹ አልቆ ወጥቶ፣ ዓለም እየጮኸበት፣ ሰውየው ገጹን ሳያወርድ እሁድ ቁጭ ብሎ ፎቶ ያሳምራል? ነገሩ አልዋጥላት አለ።

ሦስቱን ለየብቻ አነጋገረች። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ጣል አደረገች፦ ገጹ የሚወጣው እንዴት ነው?

ባለቤቱ ሰዓቱን ጠብቆ ራሱ እንደሚወጣ ነገሯት። ሟቹ በመጨረሻው ሳምንት «ከሠርጉ በኋላ የምነግርዎት ነገር አለ» ብሏቸው እንደነበርም አስታወሱ። ቅዳሜ ሱቁን የዘጋው ማን እንደሆነ ስትጠይቃቸው፣ እሳቸውና የጥገና ሠራተኛዋ ለሠርጉ ሽር ጉድ ቀደም ብለው ስለወጡ ወንድማቸው እንደሆነ ተናገሩ።

የጥገና ሠራተኛዋ የወሬ ገጽ ሱሰኛ ነበረች። «እኔና እሱ ነን ያዘጋጀነው» አለች። «የእሱ ኮምፒውተር ሰዓት እሁድ ንጋት ሲል ይለቀዋል። የሚቀጥለውን ሞዴል ልንገርሽ? ባትሪው እኮ—»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ይኼኛውን እንጨርስ።»

ሻጩ ትከሻውን ሰበቀ። «ቁልፍ ተጭኖ ነዋ። እጁ ቀደመው።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በሟቹ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰቡ። የጥገና ሠራተኛዋ በመርማሪዋ ትእዛዝ በማግስቱ የሚወጣ ባዶ ገጽ አዘጋጅታ ነበር። መርማሪዋ የኮምፒውተሩን ሰዓት በአንድ ቀን ወደፊት ገፋችው። ወዲያው ባዶው ገጽ በባለቤቱ ስልክ ላይ ታየ።

«ቅዳሜ የሆነው ይኼ ነው» አለች። «ሟቹ ገጹን አላወጣም። ሞቶ ነበር። የገደለው ሰው፣ እሁድ በሕይወት ነበር ለማሰኘት ሰዓቱን ገፋ፤ ፎቶውን ነካካ፤ ሰዓቱን መለሰ። ገጹ በመሐል አመለጠ።»

መርማሪዋ የኮምፒውተሩን ሰዓት መልሳ አስተካከለች።

«ገጹ ሰዓት እንደሚጠብቅ የሚያውቅ ሰው ሰዓቱን አይነካም። እርስዎ ያውቃሉ። እሷም ታውቃለች።» ወደ ሻጩ ዞረች። «ቁልፍ ይጫናል ያልከኝ አንተ ነህ። ሱቁን የዘጋኸውም አንተ ነህ። ከማከማቻው ፎቶ እያነሣህ ለወሬ ገጾች ስትሸጥ ደረሰብህ፤ ለወንድምህ ሊነግራቸው የነበረውም ይህንኑ ነው። የሸጥክላቸውን ሰዎች ስልክህ ውስጥ እናገኛቸዋለን።»

ሻጩ ወንድሙን አየ። «ጋሼ፣ ‹ሠርጉን እንዳላበላሽ ብዬ ነው እስካሁን ዝም ያልኩት› አለኝ። ደረጃው አፋፍ ላይ ነበርን። ገፋ ነው ያደረግኩት።»

ባለቤቱ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ሻጩን ወሰዱት። ሟቹ በማግስቱ ተቀበረ። ባለቤቱ ከአስከሬኑ ኋላ ሄዱ፤ እህትየው አላነጋገረቻቸውም።