ከቀኝ የተነሣው መስመር

በመጋቢት ወር ሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በጉባ የታላቁ ግድብ የመሠረት ድንጋይ በተጣለበት ሰሞን፣ አሶሳ በሰንደቅ ዓላማ አሸብርቃ ነበር፤ የአደባባዩ ድምፅ ማጉያ ከጠዋት ጀምሮ ሲያስተጋባ፣ የኢኮኖሚክስ መምህሩ በቃሉ ወርቅአፈራሁ ግን አንዲት የፈተና ወረቀት ከፍ አድርጎ ይዞ ክፍሉን ያስቅ ነበር።

አባቱ በሰፈራው ዘመን ከወሎ ወደ ፓዌ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ እርሱ በትምህርት ሰው ሆኗልና የተማረውን ሁሉ እንደ ጸሎተ ሃይማኖት አንዲት ፊደል ሳያዛንፍ ይዞታል። ዋጋ በቋሚው፣ መጠን በአግድሙ፤ የፍላጎት መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ይወርዳል፤ አለቀ። በወረቀቷ ላይ የተሣለው ግን ወደ ቀኝ ሽቅብ ይወጣ ነበር።

«ኻሚስ፣ በእናንተ አገር ሰው የሚሻማው ዋጋ ሲወደድ ነው? ምነው ታዲያ ነጋዴው ሁሉ እዚያ አልከተመ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የሆሞሻው ኻሚስ ሙዳሲር ወረቀቱን ሳይቀበል ወጣ፤ በዚያች ጥያቄ ምክንያት ወድቆ ነበርና ዳግም አልተመለሰም።

ከቀናት በኋላ በቃሉ ወረቀቶቹን ሲሰበስብ፣ የኻሚስ ወረቀት ተገልብጣ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ታየችው፤ ከጀርባዋ መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል። ደንግጦ ፊቷን አዞረ። ዜሮዋ በቀኝ ጥግ ነበረች፤ ቁጥሮቹም ከዚያ ተነሥተው ወደ ግራ ይሄዳሉ። ልጁ መጀመሪያ የተማረው በኸልዋ፣ ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ በሚነበብበት የቁርኣን ትምህርት ቤት ነበር፤ በፈተና ሲጣደፍ እጁ የለመደውን መንገድ ሄደ። ዋጋው ሲጨምር መጠኑ ይቀንሳል፤ ምንም ስሕተት የለበትም። የግራና የቀኙ ነገር የሰው ስምምነት እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አልነበረም። በቃሉ በራሱ አፈረ።

ቅዳሜ በሚኒባስ ሆሞሻ ወረደ፤ ጥፋቱን ተናግሮ ልጁን ሊመልስ ቆርጦ ነበር። አባትየው ሼህ ሙዳሲር ከጎረቤት ሽማግሌዎች ጋር ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ሲያዩት ሁሉም ተነሡ።

«አህለን፣ ኡስታዝ! አንተ ራስህ ቤታችን መጣህ? ትልቅ ክብር ነው።»

«ስለ ኻሚስ ነው የመጣሁት፣ ሼህ።»

«ወደ ድንበሩ፣ ወደ ኩርሙክ ሄደ፤ ከነጋዴ ጋር ዕቃ ይሸከማል። እኔ ልክ ነበርኩ ይላል። ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ንገረኝ። ልክ ከሆነ ዛሬ ሰው ልኬ አመጣዋለሁ፤ ከተሳሳተ ግን፣ ኸላስ፣ አለቀ፣ ሥራውን ይሥራ።»

ሽማግሌዎቹ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ለእርሱ ክብር ገና አልተቀመጡም። በቃሉ ዜሮዋ ከየት እንደምትነሣ ሳያይ ልጅ የጣለ መምህር መባልን ፈራ።

«ተሳስቷል» አለ በቃሉ። «ትንሽ ነው፤ ግን ተሳስቷል።»

«ኸላስ። ኡስታዝ አይዋሽም።»

ማንጎ ቋጥረው ሸኙት፤ በመንገድ ሁሉ ጭኑ ላይ ይዞት ሄደ፤ አንዱንም አልቀመሰውም።

ታሪክ የዚያን ሰሞን ድንጋይ መዘገበ፤ የአንድን ልጅ መስመር ሊመዘግብ አይጠበቅበትም። በቃሉ ዛሬም ያስተምራል፤ ማንኛውንም ግራፍ ከማረሙ በፊት ዜሮዋን ይፈልጋል፤ ለሚገባው ሁሉ «ልክ ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ለኻሚስ ግን አልጻፈለትም። ሼህ ሙዳሲር ደግሞ ኡስታዙ ራሱ ቤታቸው ድረስ የመጣበትን ያን ቀን፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ በኩራት ያወሩታል።