ከአሥራ ስድስት ሺህ አንዷ

«መዝገበ ቃላቱን መጫን አልተቻለም» የሚለውን ቀይ ጽሑፍ ስታይ፣ ልጅቷ የቃላቱ ሁሉ ድራሽ የጠፋ መስሏት ነበር። መሳሳቷን የተረዳችው ዘግይታ ነው።

አክስቷ ተርጓሚ ናት። ስምንት ዓመት ሙሉ የሕክምና ቃላትን ከነፍቻቸው አንድ በአንድ ለቅማ፣ አሥራ ስድስት ሺህ መስመር ያለው መዝገብ ለትርጉም ሶፍትዌሯ አዘጋጅታለች። ዛሬ ግን ሶፍትዌሩ መዝገቡን አልቀበልም አለ። ክሊኒኩ የሚጠብቀው የመድኃኒት አወሳሰድ መመሪያ ደግሞ እስከ አሥር ሰዓት መድረስ አለበት።

«እትዬ፣ ፋይሉ ተበላሽቷል» አለ ለእርዳታ የተጠራው የኮምፒውተር ጠጋኝ። «እሱን እናጥፋና ዝግጁ መዝገበ ቃላት ልጫንልዎ።»

«ያንተ ዝግጁ ‹ጠብታ›ን ‹ማንኪያ› ብሎ ሰው ይጨርሳል!» አለች አክስቷ። ቃሉ የቁጣ ቢሆንም ድምጿ ተሰብሮ ነበር።

«ግማሽ ሰዓት ስጡኝ» አለች ልጅቷ።

«እኔን ያቃተኝን አንቺ ልትችዪው?» አለ ጠጋኙ።

«እስከዚያ ሻይዎን ይጠጡ።»

የመዝገቡን ቅጂ አዘጋጅታ ለሁለት ከፈለችው። የመጀመሪያው ግማሽ ያለ አንዳች እንከን ተጫነ። ቃላቱ አልጠፉም፤ አንድ ነገር በር ላይ ቆሞ መግቢያ ከልክሏቸዋል እንጂ። እንቢ ያለውን ግማሽ ደግማ ከፈለችው። ስምንት ሺህ፣ አራት ሺህ፣ ሁለት ሺህ... ጠጋኙ ሻዩን ረስቶ ከትከሻዋ በላይ መቁጠር ጀመረ፤ ትንሽ ቆይቶም ስልኩ ጠርቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። በአሥራ አራተኛው ክፍፍል ብቻዋን የቆመች አንዲት ቃል ቀረች፦ አክስት።

ልጅቷ ክው አለች። የገዛ እጇ ሥራ ነበር። ትናንት ሥራ ፈትታ፣ «አክስት፦ ከወንበሯ ጋር አብራ የተወለደች ፍጡር» ብላ ስትቀልድ፣ መሃል ላይ መስመር ሰብራ ፍቺውን ወደ ታች ጥላው ኖሯል። ሶፍትዌሩ ፍቺ የሌላት ቃል ሲያጋጥመው ከዚያ ወዲያ አያልፍም።

አክስቷ ጀርባዋን ሰጥታ በመስኮቱ ታያለች። አንድ ቁልፍ መጫን ይበቃ ነበር፤ ከዚያ በኋላ «እንጃ፣ ማሽኑ ነው» ቢባል ማን ይጠይቃል? ልጅቷ ጣቷን ከመሰረዣው ላይ አነሳች።

«አክስቴ፣ ነይና እዪው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

አክስቷ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። ደግማ አነበበች። 

«ውሸት ነው» አለች በመጨረሻ። «ወንበሩን እኔ በብዙ ዓመት እበልጠዋለሁ።» ከዚያም ሳቁ አመለጣት። «እንዳትሰርዢው! አስተካክለሽ ጻፊው።»

ልጅቷ ቃሉንና ፍቺውን በአንድ መስመር አገናኝታ መዝገቡን እንደገና ጫነች። አሥራ ስድስት ሺህ አንድ ቃላት ገቡ። መመሪያው ለአሥር ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሲል ለክሊኒኩ ተላከ።