አራተኛው ጥፊ

«ድገመው! ድገመው!» አሉ ከኋላ የተቀመጡት።

ፕሮፌሰሩ ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰው። በግድግዳው ላይ ጥቁርና ነጭ የሆነችው ወጣት እንደገና በሩን ከፍታ ገባች። ሰውየው እንደገና እጁን አነሳ። ጧ! ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። አንዱ ጉንጩን ይዞ ከወንበሩ ወደቀ፤ ሌላው አጨበጨበለት።

ቀጮ አልሳቀችም። በጥፊ የተመታችው ወጣት አያቷ ናቸው።

ይህን ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። የትምህርት ቤቱ የፊልም ክበብ በሚመጣው ዓርብ ከሰዓት ፊልሙን ለተማሪው ሁሉ ያሳያል። መግቢያውን እንድታነብ ቀጮ የተመረጠችውም የተዋናይቷ የልጅ ልጅ ስለሆነች ነው።

«ቆይ፣ ምኑ ነው የሚያስቀው?» አለች።

ፕሮፌሰሩ ዞረ። የክበቡ ሊቀመንበር ነው። ስለ ፊልም የማላውቀው የለም ስለሚል ይህን ስም ያወጡለት ጓደኞቹ ናቸው።

«ጥፊው እኮ የእውነት ነው፣ ቀጮ! ዳይሬክተሩ ተዋናዩን የምርህን ምታት ብሎታል። ለእሷ አልነገራትም። ፊቷን እይው! እንዲህ ዓይነት ድንጋጤ በትወና አይመጣም። ሰውየው አንደኛ ነው።»

«ሳይነግራት አስመትቷት አንደኛ?»

«አቦ አታካብጂ! የድሮ ፊልም ነው።»

«ፊልሙ ላይ ያሉት ሴቶች ወይ ይመታሉ ወይ ያለቅሳሉ። አንዷ እንኳ የጀመረችውን ንግግር አትጨርስም።»

መምህርቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ደብተር ያርሙ ነበር። ቀና አሉ።

«የትናንቱን በዛሬ ሚዛን አትመዝኚው፣ የኔ ልጅ። ያኔ ነውር አልነበረም።»

ቀጮ ይበልጥ ተናደደች። ፕሮፌሰሩ ራሱ የጻፈውን መግቢያ እጇ ላይ አስቀመጠላት። ሦስተኛው መስመር «በዳይሬክተሩ ብልሃት የተገኘ እውነተኛ ድንጋጤ» ይላል።

ቤት ስትደርስ አያቷ የሰው ሱሪ ያሳጥራሉ። ቦርሳዋን ወንበር ላይ ወረወረችው።

«ዛሬ ደግሞ ማን ነክቶሽ ነው?» አሉ አያቷ፣ ዓይናቸውን ከስፌት መኪናው ሳያነሱ።

«እቴቴ፣ ያቺ ጥፊ ከፊልሙ ተቆርጣ ካልወጣች ዓርብ አላነብም። ቲቸር ያኔ ነውር አልነበረም አሉ።»

መኪናው ቆመ።

«ነውር ካልነበረ ዳይሬክተሩ ለምን በተዋናዩ ጆሮ አንሾካሾከ?» አሉ። «ሲያንሾካሾክለት አይቻለሁ። ስለ መብራቱ መስሎኝ ነበር። ነውር ካልሆነ እኔ እየሰማሁ ምታት አይለውም?»

ቀጮ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ለመሆኑ ስንቴ ነው የመታኝ ያሏችሁ?»

«አንዴ።»

«አራቴ ነው።»

አያቷ መርፌውን ከጨርቁ ነቀሉ። «እጁ በፊቴ እንዲያልፍ ነበር የተነጋገርነው። ድምፁን በኋላ ሁለት ጣውላ አጋጭተው ይጨምሩታል። እኔ ይህንን ይዤ ገባሁ። መታኝ። ዓይኔ ጨለመ። ዳይሬክተሩ ይሄ ነው ብሎ ዘለለ። ወዲያው የካሜራ ባለሙያው ፊት አመድ መሰለ። ያኔ ጥሬ ፊልም ውድ ነበር፤ ስንለማመድ ካሜራውን ባዶውን ነው የሚያስነሱት። ልምምዱ አልቆ ቀረጻ ሲባል ፊልም ማስገባት ረስቷል።»

«ባዶ ነበር?»

«ባዶ። የእውነቱ ድንጋጤ የትም የለም። በሁለተኛው ቀረጻ ተዋናዩ እጁን ሲያነሳ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ተበላሸ። በሦስተኛው እሱ ራሱ እጁ ተንቀጠቀጠ። አራተኛ እንሞክር ሲሉ ጉንጬ አብጧል። በዱቄት ሸፈኑት። የት እንደሚያርፍብኝ እያወቅሁ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው በሩን ከፍቼ ገባሁ። እናንተ የምታዩት እሱን ነው።»

የቀጮ ቁጣ ወደ አያቷ ዞረ። «እና ለምን ጥለሽ አልሄድሽም?»

«አየሽ፣ መቺውን ትተሽ እኔን መጠየቅ ጀመርሽ።» ድምፃቸው ከረረ። «ብሄድ ሌላዋን አምጥተው ይመቷታል። ደግሞ ሥራዬ ነበር። እወደው ነበር።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ? አንቺስ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

ቀጮ አንገቷን ደፋች። አያቷ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

«አትቁረጡት። መምታቱ የእነሱ ነው፤ ድንጋጤዋ ግን የኔ ናት። የሠራሁትን ለዳይሬክተሩ ሰጥተው አርባ ዓመት አጨበጨቡለት።»

ዓርብ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አያቷ አልመጡም፤ ቁጭ ብዬ የማየው ነገር አይደለም ብለዋል። ቀጮ ከመድረኩ ጎን ፕሮፌሰሩን ያዘችው።

«ይሄ ሦስተኛው መስመር ውሸት ነው።» የሰማችውን በአጭሩ ነገረችው።

«ኢንተርኔት ላይ ሁሉ እንደዛ ነው የሚለው።»

«ኢንተርኔት አልተመታም።»

ፕሮፌሰሩ ዙሪያውን አየ። «ስሚ፣ እንግዶች አሉ። የተጻፈውን አንብቢና ውረጂ። ሌላ ነገር ከጀመርሽ ማይኩን አጠፋዋለሁ፤ ማጥፊያው እዚህ እኔ ጋ ነው።»

መምህርቷ ሰምተዋል። «ዛሬን እንኳ እለፊው» አሉ ቀስ ብለው። «በሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።»

«በየትኛው ቀን፣ ቲቸር?»

መምህርቷ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ቀጮ መድረኩ ላይ ወጣች። ከኋላ ወንበር አንዱ «ጧ!» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ ሳቀ። ፕሮፌሰሩ እጁን ማጥፊያው ላይ አድርጎ ያያታል።

ወረቀቱን መሬት አስቀመጠችው። ማይኩን ከማቆሚያው ነቅላ ራሷ አጠፋችውና ወረቀቱ ላይ አጋደመችው። ከዚያ ደረጃውን ወርዳ በወንበሮቹ መካከል ባለው መተላለፊያ እስከ አዳራሹ መሀል ሄደች። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። ለማለቅ ጊዜ ወሰደ።

«አያቴ ተዋናይ ናት» አለች፣ የኋለኛው ረድፍ እንዲሰማ አድርጋ።