በሌላ ሴት ስም

ነርሱ ሆስፒታሉ ውስጥ ሁለት ሳምንት ቢሠራም ስም አይያዝለትም ነበር። በሽተኞቹን የሚጠራው በአልጋ ቁጥራቸው ነው።

«የአልጋ አራትን ካርድ ቶሎ ስጪኝ፤ ቸኩያለሁ» አላት የካርድ ክፍሏን ልጅ።

«አልጋ አራት የሚባል ሰው አላውቅም።»

ደነገጠ። ቀና ብላ ስታየው አሳዘናት።

«ስማቸውን እንደነገሩህ ወዲያው መልሰህ ጥራቸው። ትርጉሙን ጠይቃቸው። ታዲያ ፊታቸውን እያየህ እንጂ ግሉኮሱን አይደለም! ስትወጣ ደግሞ ደረጃውን እየወረድክ አንድ በአንድ ድገማቸው።»

ከዚያ ወዲያ እያነበነበ ይወርዳል፤ ሲሳሳት ተመልሶ ይወጣል። ታች ቆማ ትፈትነዋለች። በወሩ አንድም አልሳተም። ፈተናው ቢያልቅም እሷ መጠበቋን፣ እሱም ቀስ ብሎ መውረዱን አልተዉም።

አንድ ቀን ከሥራ ሲወጡ ታላቅ እህቷን ይዛ ጠበቀችው።

«እህቴ ናት፤ ተዋወቃት» አለች።

ነርሱ ዓይኑ ቀልቷል። አንድ ቦታ መቆም አልቻለም። እህትየውን ጨበጠና ወደ ልጅቷ ዞሮ በሌላ ሴት ስም ጠራት።

«በይ ነይ እንሂድ!» አለች እህቷ፣ እጇን እየጎተተች።

ልጅቷ ሦስት ቀን ዕረፍት አጣች። ካርድ ያለቦታው ትከታለች፤ ቁጭ ብድግ ትላለች። በዚያ ስም ሠላሳ ካርድ አለ። የትኛዋ ትሆን? እሱ ሲመጣ መስኮቱን ትዘጋበታለች። በአራተኛው ቀን በሩን ከፍቶ ገባ።

«ሌላ ሴት ካለችህ ንገረኝና ይውጣልኝ» አለችው።

«አልጋ ዘጠኝ ላይ የነበሩት እማማ ናቸው። ያን ቀን ጠዋት እጄን እንደያዙ አረፉ። ጠያቂ አልነበራቸውም። እኔም ከረሳኋቸው ማን ያስታውሳቸዋል ብዬ ቀኑን ሙሉ ስማቸውን ስደጋግም ዋልኩ። አንቺን ልጠራ አፌን ስከፍት የሳቸው ስም ወጣ።»

ካርዱን ፈልጋ አወጣች። የቅርብ ዘመድ የሚለው ቦታ ባዶ ነው።

«ለእህቴ አንተው ታስረዳታለህ» አለችው እንባዋን እየጠረገች።

«መቼ?»

«አሁን። ሌላ ሌሊት አላድርበትም።»

እህትየው የቤቷን በር ገርበብ አድርጋ፣ ፊቷን ሳትፈታ እስከ መጨረሻው ሰማችው። እሱ ሲንተባተብ ልጅቷ በእህቷ ፊት እጁን ያዘች። እህትየው የተያያዙትን እጆች አየች፤ በሩንም ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ታዲያ ምን ቆማችኋል? ግቡ እንጂ!»