ጋራው ሲጠመጥም

«ያ ጋራ ከጠመጠመ ባሕሩ ይገንዛል...»

ባለ ሱቁ ጋሽ ጀላሉ ይህን የማይሉበት ቀን አልነበረም። ከአሰብ በስተጀርባ ያለው ጋራ አናቱ ላይ ነጭ ደመና ከጠቀለለ፣ በጀልባ የወጣ ሰው አይመለስም ማለታቸው ነው።

«እርስዎ ስኳርዎን ይመዝኑ፣ ነፋሱን ለእኔ ይተዉት» እላቸው ነበር።

ያመነ ይመን፣ ያላመነ ይተወው... እኔ ዓለምዘውድ በጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምጽፈው። ሐምሌ 12 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ።

ሥራዬ የአየር ጠባይ መመዝገብ ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ ጣሊያን ጥሎት የሄደውን መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ነው የተማርኩት። ነጭ ባንዲራ ስሰቅል ጀልባ ይወጣል፣ ቀይ ስሰቅል ይቀራል።

የዚያን ቀን አስተማሪው ወንድሜ ሣህሉ ወደ ጥዖ ወደብ ሊሄድ ጀልባ ተሳፍሮ ባንዲራዬን ይጠብቃል።

ጋራውን አየሁት።

ጠምጥሟል...

መጽሐፉ ይህን ያውቀዋል። ነፋስ ጋራ ሲገጥመው ሽቅብ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል። ወደ እኛ ሲወርድ ደመናው ይተናል። ስለዚህ ደመናው የቆመ ይመስላል እንጂ በውስጡ ነፋስ ይጋልባል።

እዚህ ታች ግን ቅጠል አይነቃነቅም። የአየር ግፊት መለኪያው፣ የባሮሜትሩ መርፌም እንደቆመ ነው።

ደንባችን ደግሞ ዓይን ይሳሳታል፣ መሣሪያ አይሳሳትም ነው። የሚጻፈው የጋራው ጣቢያ ሠራተኛ መርሻ በስልክ የሚነግረኝ ነው።

የስልኩን እጀታ አዙሬ ሳልጨርስ ተነሣ።

«መርሻ፣ ነፋስ?»

«የለም።» በሹክሹክታ...

«ደመናውስ? ከዚህ ይታየኛል እኮ።»

«የለም።»

ሌላ ጊዜ «እመት ባሮሜትር» ሳይለኝ አይጀምርም ነበር።

ከድምፁ ኋላ ደግሞ አንድ ነገር ይሰማል... ቸፍ... ቸፍ... ውኃ እንጨት ሲመታ።

ያ ደረቅ ጋራ ላይ ምን ውኃ አለ?

«ምንድን ነው የሚሰማው?»

ቸፍ... ቸፍ...

«ልቀቂያቸው» አለኝ።

ጀልባ እንዳለ አልነገርኩትም...

ግን የጋሽ ጀላሉን ተረት ሰምታ ጀልባ አስቀረች ይበሉኝ? ሞቼ እገኛለሁ!

ነጩን ሰቀልኩት። ሣህሉ ከጀልባው ላይ እጁን አወዛወዘልኝ።

አርባ ደቂቃ አልሞላም... መጀመሪያ ሙቀቱ መጣ፣ የምድጃ አፍ የተከፈተ ያህል። ቀጥሎ በሩ ተገነጠለ። የነፋስ መለኪያው ኩባያዎች ከመሽከርከር ብዛት አይታዩም። ባሕሩ በአሸዋ ቡናማ ሆነ። የጀልባው ሸራ አንዴ ብልጭ አለ... ከዚያ የለም።

ስልኩ ጮኸ።

«ነፋስ የለም» አለኝ መርሻ። አፉን ውኃ የሞላው ይመስላል።

በማግስቱ የተገኘው የጀልባው ሳንቃ ብቻ ነው። ጋሽ ጀላሉ ሱቅ ሄድኩ። ተረታቸውን አላነሡም።

«መኪና ይፈልጉልኝ» አልኳቸው። «ጋራው ላይ ወጥቼ መርሻን ዓይን ለዓይን ልጠይቀው።»

ሚዛናቸውን ወደ ጎን ገፉት።

«መርሻማ ከወንድምሽ ጋር ነው የተሳፈረው፣ ልጄ። ፈቃድ ወጥቶ። የጋራው ጣቢያ ስልክ ቢበላሽበት ለጥገና ነቅሎ ይዞት ወርዶ፣ ለዓለምዘውድ ይስጡልኝ ብሎ ትቶልኝ ነበር... ሳላደርስልሽ ነፋሱ ቀደመኝ።»

ከስኳሩ ጆንያ ጀርባ አወጡት። ሽቦው ተጠቅልሏል። እጀታው ላይ በመርሻ እጅ የተጻፈች ወረቀት ታስራለች፦

«ሐምሌ 12፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተነቀለ።»