የትርንጎ አባሎ መቼ ይቀላል?

ክረምት ነው። ትርንጎና አባቷ አጥሩ ሥር ጉድጓድ ቆፈሩ። ዷ! ዷ! ዷ!

ከጫካ ዳር ያመጡትን ትንሽ የአባሎ ችግኝ ተከሉ። አባሎ ቅጠሉ በበጋ የሚቀላ ቁጥቋጦ ነው።

አባቷ መንገድ ሊሠራ ሩቅ አገር ሊሄድ ነው። «ትርንጎዬ፣ የአባሎው ቅጠል ሲቀላ እመጣለሁ» አላት።

መስከረም መጣ፤ አደይ አበባ ፈካ። ትርንጎ አባሎዋን ውሃ አጠጣችው። ጠብ! ጠብ! ጠብ!

«አባሎ፣ አባሎ፣ ቀላህ ወይ?»
አባሎው ግን አረንጓዴ ነው።

ጥቅምት መጣ፤ ብርዱ ገባ። ጠብ! ጠብ! ጠብ!

«አባሎ፣ አባሎ፣ ቀላህ ወይ?»
አሁንም አረንጓዴ ነው። ትርንጎን አባቷ በጣም ናፈቃት።

«ቆይ፣ እኔ አቀላሃለሁ» አለችው። ወጥ የሚያቀላው ምንድን ነው? በርበሬ!

ከጓዳ በርበሬ አመጣች፤ በውሃ በጠበጠችው። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ቀባቻቸው። እንጥሽ! እንጥሽ!

አባሎው ቀላ። ትርንጎ በሩ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ጠበቀች። አባቷ አልመጣም።

የመጣችው ቁንጮ የምትባለው የጎረቤት ፍየል ናት። አንድ ቅጠል ጎረሰች። ቆርጠም! ቆርጠም!

«ሜ! ሜ! ሜ!» ቁንጮ እግሬ አውጪኝ ብላ ፈረጠጠች።

የትርንጎ እናት ይህን አይታ ከት ብላ ሳቀች። «የኔ ባለሙያ፣ አባሎው ወጥ መሰለሽ እንዴ?»

ትርንጎ ግን አለቀሰች። «አባዬ ቶሎ እንዲመጣ ብዬ ነው» አለች።

እናቷ እቅፍ አደረገቻት። «አይዞሽ። እንቁላልም በእግሩ የሚሄደው ቀስ በቀስ ነው» አለቻት። ከዚያ ሁለቱ ቅጠሎቹን አጠቡ።

ኅዳር መጣ።
«አባሎ፣ አባሎ፣ ቀላህ ወይ?»
የአንዲት ቅጠል ጫፍ ቀላ ብሏል።

ታኅሣሥ መጣ።
«አባሎ፣ አባሎ፣ ቀላህ ወይ?»
አባሎው ከላይ እስከ ታች ቀላ፤ ያውም ያለ በርበሬ!

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በሩ ተንኳኳ። ኳ! ኳ! ኳ!

አባቷ ነው። ትርንጎ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እጁን ይዛ ወደ አባሎው ጎተተችው።

«እንዴት ያምራል! ማን ቀባው?» አላት።
«ማንም አልቀባውም» አለች ትርንጎ። እናቷ አፏን ይዛ ሳቀች።

አንዲት ቀይ ቅጠል ቀስ ብላ መሬት ላይ ወደቀች። ኮሽ።

«አባዬ፣ ቅጠሏ ሄደች።»
«አዎ፣ ሌሎቹም ይሄዳሉ» አላት አባቷ። «ግን አባሎው እንደገና ያቆጠቁጣል።»

ትርንጎ ቅጠሏን አንስታ በእጇ ያዘቻት። ያን ቀን ማታ አባቷ ጉያ ውስጥ ገብታ እንቅልፍ ወሰዳት።